ኮረኮንቹን የሚውጡት ጎማና ሹካ

ብስክሌትዎ በረንዳው ላይ ወይም ደረጃው ሥር ቆሟል እንበል። ከመውጣትዎ በፊት ጎማውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ጣታችን ካልሰመጠ «አየር አለው» ብለን እንወጣለን። ጎሚስታውም የሚሞላልን እስኪደነድን ድረስ ነው፤ ለስለስ ያለ ጎማ ይዞ የሄደ ደንበኛ ነገ ተመልሶ «ምነው፣ አልሞላኸውም እኮ» እንደሚለው ያውቃል።

አስፋልት ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ ግን መሪው እጅዎን ያደነዝዘዋል፣ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ይንኳኳል፣ ዓይንዎ ከፊት ያለውን ጉድጓድ አጥርቶ ማየት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ጥፋቱን የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ ያላክካሉ፤ «ሾኩ ሞቷል፣ ሌላ ሹካ ልግዛ» ይላሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ እናስላ። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል። አንዱ የኮብልስቶን ድንጋይ ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የፊት ጎማዎ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይመታል ማለት ነው። ሹካው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወርዶ አይወጣም። ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች የሚያብረቀርቀውን ቱቦ አጥብቀው ስለሚይዙት፣ ለትንሽ ምት ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እነዚያን ትንንሽ ምቶች የሚውጠው ጎማው ነው። የብስክሌትዎ የመጀመሪያው ሾክ እሱ ነው፤ ሹካው ሁለተኛ ነው። ማውንቴን ብስክሌት ለኮረኮንች፣ ለጭቃና ለእንጦጦ መንገድ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ከያዘ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

አሁን አንድ የቆየ ጋዜጣ መሬት ላይ ያንጥፉ። የኋላ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ያርሱትና ጋዜጣው ላይ ያቁሙት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው መሪውን ይያዝልዎና ኮርቻው ላይ ይቀመጡ፤ ከዚያ ይውረዱና ጎማውን ሳያንከባልሉ ቀጥ አድርገው ያንሱት። ጋዜጣው ላይ የጥርሶቹ ርጥበት ይቀራል። ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩት።

ከእጅዎ መዳፍ የሚያንሰው ያ ትንሽ ሞላላ ምልክትና የፊት ጎማው መሰሉ ብቻ ናቸው ከመሬት ጋር የሚያገናኙዎት። ፍሬን ሲይዙ፣ ሲታጠፉ፣ ዳገት ሲወጡ ሁሉም እዚያች ላይ ይፈጸማል።

ስፋቷን የሚወስነው አየሩ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ባር ግፊት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይሸከማል። እርስዎ 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 14 ኪሎ ቢሆኑ ከድምሩ 50 ኪሎ ያህሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማው ላይ ነው። 2 ባር ከሞሉት 50 ኪሎውን ለመሸከም 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት መንካት አለበት። 4 ባር ከሞሉት 12 ተኩል ይበቃዋል። የጎማው ግድግዳም ትንሽ ስለሚሸከም ቁጥሩ ልክ በልክ አይሆንም፤ ግን ከዚህ ብዙም አይርቅም። የጎሚስታው መለኪያ በፒኤስአይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

አየሩን ቀንሰው ጋዜጣውን በሌላ በኩል ይሞክሩት። ምልክቱ ይሰፋል። ጎማውን ሳይቀይሩ፣ አንድ ብር ሳያወጡ፣ መሬት የሚይዘውን ቦታ ጨመሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰፊ ጎማ ስለሰፋ ብቻ ብዙ መሬት አይነካም። በአንድ ዓይነት ግፊት ጠባቡም ሰፊውም የሚነኩት ስፋት ያው ነው፤ ቅርጹ ብቻ ይለያያል፦ የጠባቡ ረጅምና ቀጭን፣ የሰፊው አጭርና ወፍራም። የሰፊ ጎማ ጥቅሙ አየሩን ዝቅ ለማድረግ መፍቀዱ ነው። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ገዝቶ እንደ ጠባቡ አደንድኖ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው።

«ለስላሳ ጎማ ግን ይከብዳል፣ አይሄድም» የሚል ይኖራል። ለስላሳ አስፋልት ላይ ልክ ነው። ኮረኮንች ላይ ግን ይገለበጣል። የደነደነ ጎማ ጠጠር ሲያጋጥመው እርስዎንም ብስክሌቱንም ወደ ላይ ያነሳል፤ ወደ ላይ የሄደችው ጉልበት ከወደፊቱ ጉዞ ላይ የተቀነሰች ናት። ለስለስ ያለው ግን ጠጠሩን ሆዱ ውስጥ አስገብቶ ያልፋል።

አይመኑኝ፤ ይሞክሩት። መጨረሻው ሜዳ የሆነ፣ መኪና የማይበዛበት ኮረኮንች ቁልቁለት ይፈልጉ። ከአንድ ቦታ ተነስተው ፔዳል ሳይመቱ ይልቀቁትና የቆመበት ቦታ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ። አየሩን በ5 ፒኤስአይ ይቀንሱና ይድገሙት። የድንጋዮቹ ቅደም ተከተል መልሱን ይነግርዎታል።

መጠኑ ስንት ይሁን? 70 ኪሎ ለሚመዝን፣ 2.1 ወይም 2.25 ኢንች ጎማ ከከመነዳሪ ጋር ለሚጠቀም ሰው፣ ከፊት 28፣ ከኋላ 31 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። ክብደትዎ ከዚህ ከበለጠ ይጨምሩ፣ ካነሰ ይቀንሱ። የኋላው ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ክብደቱ የሚበዛው እዚያ ነውና።

ከልክ በላይ ከቀነሱት ድንጋይ ሲመቱ ቸርኬው መሬት ይደርሳል። ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ሲነክረው አረፋው ከሁለት ቦታ ትይዩ ከወጣ፣ የወጋዎት ምስማር ሳይሆን አየር ማነሱ ነው። ያን ጊዜ 3 ፒኤስአይ ይጨምሩበት። ከመነዳሪ የሌለው፣ ውስጡ ፈሳሽ ላስቲክ የሚጨመርበት ጎማ ይህ ችግር ስለሌለበት ከዚህም ዝቅ ይላል። ፈሳሹ ግን በየጥቂት ወሩ ይደርቃል፤ ጎማውም ቸርኬውም ለዚያ የተሠሩ መሆን አለባቸው።

ለከፍታ ወዳጆች አንዲት ነገር ልጨምር። አዳማ ላይ የሞሉትን ጎማ በመኪና ጭነው እንጦጦ ጫፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ቢያወጡት፣ በዙሪያው ያለው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያሳያል። እንጦጦ ግን ይበርዳል። ቅዝቃዜው ጎማው ውስጥ ያለውን አየር ያኮማትረውና ከጨመረው አብዛኛውን መልሶ ይወስዳል።

አየር ያለው ጎማ የመጣውም ከዚሁ ከመንገጫገጭ ነው። ቤልፋስት ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተሞላ ጎማ ሠራ፤ የባለቤትነት መብቱንም በ1888 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ። ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ከእሱ ከ40 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ይህንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ነበር፤ ያኔ ግን የሚፈልገው ብስክሌት ገና አልተወለደም።

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። መርካቶ ጎማ ሲመርጡ ዓይን የሚስበው ትልልቅ ጥርስ ያለው ነው። «ይሄ ይቆነጥጣል» ይባላል። ይቆነጥጣል፤ ጥያቄው ምን ላይ የሚለው ነው።

በክረምት ጭቃ ላይ የሄደ ጫማ ያስታውሱ። ሶሉ ቦይ ቦይ ያለው ጫማ መጀመሪያ ጥሩ ይይዛል፤ ቦዩ በጭቃ ሲሞላ ግን ሶሉ ልሙጥ ከሆነው አይሻልም። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ የሆነው ለዚህ ነው፦ የያዘውን ጭቃ ሲሽከረከር እንዲተፋው። ጠበብም ይላል፤ በላይ ያለውን ልም ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ አፈር እንዲያገኝ።

ያንኑ ጎማ በጥር ወደ እንጦጦ ቢወስዱት ታሪኩ ሌላ ነው። መሬቱ ደርቆ ጠጥሯል፤ ከላዩ ስስ አቧራና የባህር ዛፍ ቅጠል አለ። ረጅሙ ጥርስ የሚሰምጥበት ስለሌለው ጫፉ ላይ ይቆማል፤ ሲታጠፉ ይታጠፋል። ቀጥ ብለው ሲሄዱ ደግሞ ይንጫጫል። ለዚህ መሬት ዝቅ ያለና የተቀራረበ ጥርስ ይሻላል።

ጎማውን ወደ ዓይንዎ ያስጠጉትና መሃል ላይ ያለውን አንዱን ጥርስ ብቻ ይመልከቱ። በአንድ በኩል ተዳፋት ነው፤ በሌላው በኩል ቀጥ ያለ ግድግዳ። በጣትዎ ከሁለቱም በኩል ይግፉት። በተዳፋቱ በኩል ጣትዎ ያልፋል፤ በግድግዳው በኩል ይያዛል። ጎማው ወደፊት ሲንከባለል መሬቱን የሚያገኘው በተዳፋቱ በኩል ነው፤ ፍሬን ሲይዙ ግን መሬቱን የሚቧጥጠው ግድግዳው ነው። አንዲት የቆሎ ፍሬ የምታህል ላስቲክ፣ ሲሄዱ እንድትለቅ ሲቆሙ እንድትይዝ ተደርጋ ተቀርጻለች።

ጎኑ ላይ ያለችው ቀስት የተጻፈችውም ለዚህ ነው። ጎሚስታው ጎማውን ገልብጦ ካሰረው ሥራው ሁሉ ይገለበጣል። ቤትዎ ሲደርሱ ቀስቷን ያረጋግጡ፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ወደፊት መጠቆም አለባት። አንዳንድ አሮጌ ጎማ ላይ ግን ለፊትና ለኋላ የተለያዩ ሁለት ቀስቶች አሉ፦ ኋላ ላይ ሲታሰር ግድግዳው መሬቱን ወደ ኋላ በሚገፋው በኩል ሆኖ ዳገት ላይ እንዲቆነጥጥ።

የጎን ጥርሶቹ ሥራ ደግሞ መታጠፍ ብቻ ነው። ቀጥ ብለው ሲሄዱ መሬት አይነኩም ማለት ይቻላል። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ መሃሉን ብቻ አይተው አይወስኑ፤ የጎኑን ጥርስ በአውራ ጣትዎ ወደ ውጭ ገፋ ያድርጉት። ሥሩ ላይ ስንጥቅ ካለ ጎማው አልቋል፤ መሃሉ አዲስ ቢመስልም።

ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት ጎማ መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። የኋላው ቢያንሸራትት አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ፤ የፊቱ ካንሸራተተ ግን ሳያስቡት መሬት ላይ ነዎት። ስለዚህ ሰፊውን፣ ጥርሳሙን፣ ለስለስ ያለ ላስቲክ ያለውን ከፊት ያድርጉ። ኋላ ላይ ዝቅ ያለ ጥርስ ያለው፣ ቶሎ የማያልቅ ጎማ ይበቃል። የድሮው የፊት ጎማዎ ወደ ኋላ ይሂድ፣ አዲሱ ከፊት ይግባ።

ስለ ላስቲኩ ጥፍርዎን ይጠይቁ። ጥርሱ ላይ በጥፍርዎ ጫን ብለው ይልቀቁት። ምልክቱ ቶሎ የሚጠፋ፣ ጠንካራ ላስቲክ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ቶሎም ይንከባለላል፤ እርጥብ ድንጋይና ሥር ላይ ግን ነጥሮ ያመልጣል። ቀስ ብሎ የሚመለሰው ድንጋዩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ቶሎም ያልቃል። የባህር ዛፍ ሥር ዝናብ ሲነካው የሚያድነው ጥርስ ሳይሆን እንዲህ ያለ ላስቲክና ዝቅ ያለ አየር ነው። የጎማ ላስቲክ በተፈጥሮው ወተት የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ነው፤ ያጠቆረው የካርቦን ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከመልኩ ይልቅ ለጥንካሬው ይፈለጋል፤ ከፀሐይም ይከላከልለታል። ቢሆንም በረንዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ጎማ ጎኑ ይሰነጣጠቃል።

እርጥብ መረሬ አፈርን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፦ የሚሆነው ጎማ የለም። አንድ ቀን ይጠብቁ።

ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ የአሮጌውን ጎን ያንብቡ። «26» ወይም «29» የሚለው ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። አጠገቡ በትንሹ የተጻፈ፣ ሰረዝ ያለበት ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ወርድ፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ማውንቴን 26 የሚባለው 559 ነው። 27.5 የሚባለው 584፣ 29 የሚባለው 622 ነው። «26 በ1 3/8» የሚል የተራ ብስክሌት ጎማ ግን 590 ስለሆነ ከማውንቴንዎ ቸርኬ ላይ አይቆምም፤ «26 ነው አላልክም እንዴ?» ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከገጠመ ይገጥማል፤ ካልገጠመ አይገጥምም።

እስካሁን የትንንሹን ምት ነገር አወራን። ትልቁ ሲመጣ፣ ማለትም የቡጢ ያህል ድንጋይ፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ሲያጋጥም፣ ጎማው ብቻውን አይችለውም። ተራው የሹካው ነው።

ሹካው ሁለት እግር አለው፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በአብዛኞቹ ደህና ሹካዎች አንዱ እግር፣ ብዙ ጊዜ የግራው፣ ሞላ ነው፤ የብረት ወይም የአየር። ሌላኛው ዘይት ይዟል። አንዱ ሲሸከም ሌላው ያረጋጋል።

ይህን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማየት ይቻላል። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙ። እስከ 20 ድረስ አየር ይሳቡበትና ጫፉን በጣትዎ ድፍን አድርገው ይግፉት። መጀመሪያ በቀላሉ ይሄዳል፤ 10 ላይ ሲደርስ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ እጅዎ ይንቀጠቀጣል እንጂ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ይህ የአየር ሹካ ነው። ለትንሹ ምት ለስላሳ፣ ለትልቁ ጠንካራ። የብረት ሞላ እንዲህ አያደርግም፤ በየሴንቲ ሜትሩ እኩል ነው የሚከብደው።

አሁን ደግሞ 10 ላይ ጀምረው 5 ድረስ ይግፉት፤ ቀጥለው 20 ላይ ጀምረው 15 ድረስ። የገፉት ያው 5 ነው፤ የመጀመሪያው ግን በጣም ይከብዳል። የውድ ሹካዎች የአየር ክፍል ውስጥ የሚጨመሩት ትንንሽ የፕላስቲክ ቁራጮች ሥራቸው ይኸው ነው፤ ቦታውን ያጠቡና መጨረሻው ላይ ያጠነክሩታል። ትልቅ ዝላይ ላይ ሹካው ግው ብሎ እንዳይመታ።

ጣትዎን ድንገት ከፒስተኑ ላይ ቢያነሱት ተወርውሮ ይመለሳል። የሞላ ጠባይ ይህ ነው፦ የሰጡትን ሁሉ መልሶ ይሰጣል። ሹካው ሞላ ብቻ ቢሆን ድንጋዩን ባለፉ ቁጥር መሪው ወደ ደረትዎ ይወረወር ነበር።

ሲሪንጁን አሁን በምግብ ዘይት ይሙሉትና ጫፉን ሳይደፍኑ ወደ ስኒ ውስጥ ቀስ ብለው ይግፉት። ያለ ችግር ይወርዳል። እንደገና ይሙሉትና በኃይል ይግፉት። እምቢ ይላል። ቀዳዳው አልተለወጠም፣ ዘይቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው። የዘይቱ እግር የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በፈጠኑበት መጠን ይቋቋማል፤ የበላውንም ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ረጅም ቁልቁለት የወረደ ሹካ ዘይቱ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

የቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነች፣ የምትሽከረከር ቁልፍ ካለች ዘይቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ስፋት የምትቀይረው እሷ ናት። አንዳንዱ ሹካ ላይ የጥንቸልና የኤሊ ሥዕል አለባት፤ ወደ ጥንቸሏ ሲያዞሯት ሹካው ቶሎ ይመለሳል፣ ወደ ኤሊው ሲያዞሯት ቀስ ይላል። ልኩን ለማግኘት ከብስክሌቱ አጠገብ ቆመው መሪውን በሁለት እጅዎ ተጭነው ድንገት ይልቀቁት። የፊት ጎማው ከመሬት ብድግ ካለ ፈጥኗል። እየተንፏቀቀ ከተመለሰ ዘግይቷል፤ ተከታታይ የዛፍ ሥሮች ላይ ሲሄዱ ከመጀመሪያው ምት ሳይመለስ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ሳይመለስ ሦስተኛው ይደርስበትና ሹካው ወርዶ ይቀራል። ቶሎ ተመልሶ ጎማው መሬት ሳይለቅ የሚቆምበት ቦታ ልክዎ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሹካ ለማውንቴን ለገበያ ቀርቦ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ፖል ተርነር የተባለ አሜሪካዊ የሞተር ሳይክል ባለሙያ ሮክሾክስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ አርኤስ-1 የተሰኘውን ሠራ። ጉዞው 50 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ብዙ ነጂ «ክብደት መጨመር ነው» ብሎ ናቀው። በ1990 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ ዱራንጎ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ሄርቦልድ የቁልቁለቱን ውድድር በሮክሾክስ ሹካ ሲያሸንፍ ክርክሩ አበቃ።

ሹካ ድንጋይ ለመውጣት ብቻ አይደለም፤ ጉድጓድም ለመግባት ነው። ብዙዎቻችን ይህን አናስተውልም። ጎማው ጉድጓድ ሲያጋጥመው መሬቱን ተከትሎ መውረድ አለበት፤ ለመውረድ ደግሞ ሹካው አስቀድሞ ትንሽ ተጨምቆ መቆየት አለበት። ስለዚህ ሲቀመጡበት ትንሽ ዝቅ የሚል ሹካ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ መሆን ያለበት እንዲያ ነው።

ይለኩት። አንዱን የሚያብረቀርቅ ቱቦ በቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት፤ የጎማ ቀለበት ካለው እሱ ይበቃል። ማሰሪያውን እስከ ጎሚኒው ዝቅ ያድርጉት። ግድግዳ ተደግፈው በሚነዱበት አቀማመጥ ቀስ ብለው ይውጡ፣ ሳይዘሉ ይውረዱ፣ ከዚያ ማሰሪያው ከጎሚኒው ስንት እንደራቀ በማስመሪያ ይለኩ። ሹካው 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ከሆነ 20 ያህል ሲሆን መልካም ነው። 5 ብቻ ከሆነ ደንድኗል፣ 40 ከሆነ ልሟል። ከነዱ በኋላም ማሰሪያውን ይዩት፤ የዕለቱ ትልቁ ምት ምን ያህል እንዳወረደው ይነግርዎታል።

የአየር ሹካ ከሆነ ልኩ የሚስተካከለው ከላይ ባለችው ክዳን ሥር ባለው ቫልቭ ነው። ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ያለ ስለሆነ ኮምፕረሰር ይገባበታል፤ እባክዎ ግን አያስነኩት። ውስጡ ያለው ቦታ በጣም ትንሽ ነው፤ ኮምፕረሰሩ በቅጽበት ከልኩ በላይ ወስዶ ጎሚኒውን ሊያስተፋው ይችላል። ለዚሁ የተሠራ ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለ፤ እሱን ይፈልጉ።

የብረት ሞላ ያለው ርካሽ ሹካ ከሆነ ደግሞ ከላይ የምትዞር ቁልፍ ትኖረዋለች። ብዙ ሰው ሞላውን የምታጠነክር ይመስለዋል። አታጠነክርም፤ ሞላውን ከመነሻው ትንሽ ጨምቃ ነው የምታስቀምጠው። ለእርስዎ ክብደት ያልተሠራ ሞላ እሷን በማዞር የእርስዎ አይሆንም።

ስንት ሚሊ ሜትር የሚወርድ ሹካ ይሻላል? ለከተማ ኮረኮንችና ለእንጦጦ ዋና ዋና መንገዶች ከ80 እስከ 100 ይበቃል። በዛፍ መሃል ላለው ቀጭን፣ ሥርና ድንጋይ ለሚበዛበት ቁልቁለት ከ120 እስከ 140። ከዚያ በላይ ያለው ለሚዘሉ ሰዎች ነው፤ የቁልቁለት ተወዳዳሪዎቹ 200 ይደርሳሉ። ግን ብስክሌቱ የተሠራለትን ልክ ይጠብቁ። ሹካው በ20 ሚሊ ሜትር በረዘመ ቁጥር የመሪው አንግል በአንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይተኛል፤ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ወዲያ ወዲህ ይላል። ለ100 በተሠራ ብስክሌት ላይ 140 መስቀል አምሮ ይታያል፤ አንገቱን ግን ከታሰበለት በላይ ያስጨንቀዋል።

ያለዎትን ሹካ ለማቆየት የሚያብረቀርቀውን ቱቦ ከነዱ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ላቫጆ ወስደው በኃይለኛ ውሃ ጎሚኒውን አያስመቱት፤ ውሃው ጭቃውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ እጅ ማውንቴን ሊገዙ ከሆነ መሪውን ተጭነው ይልቀቁት። ዘይት እንደሌለው ሞላ እየነጠረ ከሆነ ያ ሹካ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጌጥ ነው፤ ስለሱ ተጨማሪ ዋጋ አይክፈሉ። ለሹካ ያሰቡት ገንዘብ ለደህና ሹካ ካልበቃ ርካሹን አይግዙ። 2.25 የሆነ ጥሩ የፊት ጎማና አንድ የአየር መለኪያ ይግዙበት፤ ለውጡን ያው ኮብልስቶን ላይ በመጀመሪያው ቀን ያዩታል።